ለልጄ የገዛሁትን ደርት ባይክ ፖሊስ ወሰደው፣ የት ነው በሕግ የሚነዳው?

የልጁ_አባት_ዉድብሪጅ

ሰላም ወገኖች እንዴት ከረማችሁ። የገጠመኝን ልንገራችሁና የሚያውቅ ሰው ይምከረኝ። ያለሁት ቨርጂኒያ ዉድብሪጅ ነው። 16 ዓመት የሞላው ልጅ አለኝ፣ ዓመቱን ሙሉ ጥሩ ውጤት ካመጣህ ደርት ባይክ (ከመንገድ ውጪ የሚነዳ ሞተር ሳይክል) እገዛልሃለሁ ብዬው ነበር፣ አመጣ፣ እኔም ቃሌን አላጥፍም ብዬ አዲስ 125 ሲሲ ገዛሁለት። የሱቁን ስም አልጠራም ግን ሻጩን ሁለት ጊዜ ጠይቄዋለሁ፣ ይሄ ልጅ የት ነው የሚነዳው ብዬ፣ ሰፈር ውስጥ ቀስ ብሎ ከነዳ ማንም አይናገረውም አለኝ። አመንኩት።

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ከታውንሃውሱ ጀርባ ባለው መንገድ ወጥቶ ወደ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ሲሄድ ፖሊስ አስቆመው። ተደውሎልኝ ስደርስ ሞተሩ ቶው ትራክ ላይ ወጥቷል፣ ካቴናው ላይ ሳር ተጠምጥሞበታል፣ ልጄ ሄልመቱን ታቅፎ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ፖሊሱ በጨዋነት ነው ያናገረኝ፣ ወደ ሞተሩ ወሰደኝና ከመሪው በታች ሻንሲው ላይ የተለጠፈች ትንሽ ወረቀት በእጅ ባትሪው አበራልኝ፣ ይሄ ሞተር ለሕዝብ መንገድ የተሠራ አይደለም ይላል። ስገዛው እዚያው ነበረች፣ አንድም ቀን አላየኋትም።

አሁን ጥያቄዬ፣ ታርጋ አውጥቼ መንገድ ላይ እንዲነዳው ማድረግ ይቻላል ወይ? ካልተቻለስ የት ወስጄ ላስነዳው? ሌላ ስቴት ብንሄድ ይሻላል የሚሉም አሉ። እባካችሁ የምታውቁ።

ሞተረኛ_ኦሮራ

ወንድሜ ከሁሉ በፊት ልጅህ ቁም ሲባል በመቆሙ እግዚአብሔር ይመስገን። እኔ ኮሎራዶ ኦሮራ ነው ያለሁት፣ ብዙ ዓመት ነድቻለሁ፣ እና አንተ የደረሰብህ በጣም ብዙ ወላጅ ላይ ሲደርስ አይቻለሁ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፣ ሞተሮቹ ስለሚመሳሰሉ ሕጉም የሚመሳሰል ይመስለዋል። ሆንዳ ሲአርኤፍ 300ኤልን እና ሲአርኤፍ 250አርን ጎን ለጎን ብታቆማቸው የማያውቅ ሰው አይለያቸውም። የመጀመሪያው ከፋብሪካ ሲወጣ ፍሬቻ፣ ስፖኪዮ፣ ክላክስ፣ የፍሬን መብራት ይዞ ነው የሚወጣው፣ ጎማው ላይ ዶት፣ ለመንገድ ይሆናል የሚለው ምልክት፣ ተጽፎበታል፣ ወረቀቱም የመንገድ ሞተር ነው ይላል፣ ዲኤምቪ፣ የተሽከርካሪ ምዝገባ ቢሮ፣ ሄደህ ታርጋ ታወጣበታለህ፣ ከታርጋው ጋር ደሞ ጫካ ገብተህ ትነዳዋለህ። ዱዋል ስፖርት የሚሉት እሱን ነው። ሁለተኛው ግን ለውድድር ሜዳ የተወለደ ነው፣ መብራት እንኳን የለውም። ስለዚህ ሕጉ መጀመሪያ የሚያየው ሞተሩ ምን ተብሎ እንደተወለደ ነው፣ የአንተም ነገር ያለቀው እዚያች ተለጣፊ ላይ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው መሬቱ የማን ነው የሚለው ነው። የፌዴራል ደን ከሆነ ደን መሥሪያ ቤቱ ለየአካባቢው የሞተር መሄጃ ካርታ ያወጣል፣ ከ2005 ደንብ ወዲህ ካርታው ላይ የሌለ መንገድ ዝግ ነው ማለት ነው፣ ክፍት ቢመስልም፣ የጎማ ዱካ ቢኖርበትም። ካርታው በነጻ ነው፣ ስልክህ ላይ ታወርደዋለህ። በ1964ቱ ሕግ ዊልደርነስ ተብሎ የተከለለ ቦታ ደግሞ ምንም ሞተር አይገባበትም፣ አራት ነጥብ። የግል መሬት ከሆነ የባለቤቱ ፈቃድ ነው፣ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ቢሆን ይሻላል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደሞ ከመንገድ ውጪ ለመንዳት ከፍለህ ሞተሩ ላይ የምትለጥፈው የስቴቱ ስቲከር አለ። እኛ ጋ ኮሎራዶ በዓመት 25 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው፣ ከኤፕሪል 1 እስከ ማርች 31 ያገለግላል፣ ከሌላ ስቴት የመጣ ሰውም በዚያው ዋጋ ይገዛል። ገንዘቡ ወደ መንገዶቹ ጥገና ስለሚመለስ እኔ ስከፍል ቅር ብሎኝ አያውቅም።

አንድ ያየሁትን ልንገርህ። ራምፓርት ሬንጅ የሚባል ቦታ አለ ከዴንቨር ብዙ የማይርቅ፣ የሞተር መንገዱ በጣም ደስ ይላል። መግቢያው ላይ የደን ጠባቂ አስቆመንና ቀጭን ብረት ማርሚታው ውስጥ ሰደደ፣ ብረቱ ወንፊት ነክቶ ከቆመ ደህና፣ ዝም ብሎ ከገባ ስፓርክ አሬስተር፣ ፍም የሚይዘው ወንፊት፣ የለህም ማለት ነው። ከማርሚታ የሚወጣ ፍም ደረቅ ሳር ላይ ቢያርፍ ምን እንደሚያመጣ ኮሎራዶ የኖረ ያውቀዋል። ቀጥሎ የድምፅ መለኪያውን ከማርሚታው ጫፍ 20 ኢንች አርቆ ያዘና ጓደኛዬን ጋዝ ስጥ አለው። ከ1998 ወዲህ ለተሠራ ሞተር ገደቡ 96 ዲሲቤል ነው። ጓደኛዬ ድምፁ ያምራል ብሎ ማርሚታውን ቀይሮት ነበር፣ አላለፈም፣ የመጣነውን ዞረን ተመለስን።

ስለ ታርጋው፣ ከስቴት ስቴት ይለያያል፣ አሪዞና እና ዋሺንግተን ስቴት ደርት ባይክ ላይ መብራቱን ምኑን ገጥመህ ለመንገድ እንድታስመዘግብ ይፈቅዳሉ፣ ካሊፎርኒያ ለአዳዲሶቹ አይፈቅድም። ግን የኔን ምክር ከጠየቅክ ያንን 125 ወደ መንገድ ሞተር ለመቀየር አትድከም። ፍሬኑም ጎማውም ለዚያ አልተሠራም። ልጁ መንገድ ላይ መንዳት ካማረው ክላስ ኤም የሚባለውን የሞተር መንጃ ፈቃድ ያውጣ፣ ከዚያ ከፋብሪካው ለመንገድ የተሠራ ትገዛለህ።

እናት_ሲልቨር_ስፕሪንግ

ወንድሜ ጽሑፍህን ሳነበው ራሴን ነው ያየሁት። የኔ ደግሞ ኤሌክትሪክ ነው። ልጄ 13 ዓመቱ ነው፣ ለገና ኢባይክ ግዢልኝ ብሎ ኦንላይን አሳየኝ፣ ሳይክል ነው ብሎ ነው የሚሸጠው፣ ፎቶው ላይ ቀጭን ናት፣ ድምፅ የላትም፣ እኔም ሳይክል ከሆነማ ብዬ ገዛሁ። ከዚያ አንድ ቀን ሰፈራችን መንገድ ላይ በመኪና እየነዳሁ ልጄ በጎኔ አለፈኝ፣ እኔ በሰዓት 35 ማይል እየሄድኩ ነበር። እጄ መሪው ላይ ተንቀጠቀጠ እውነቴን ነው የምላችሁ።

ከዚያ በኋላ ነው ያነበብኩት። ኢባይክ የሚባለው ፔዳል ያለው፣ ሞተሩ ከ750 ዋት የማይበልጥ፣ በሞተር 20 ማይል ላይ የሚቆም ነው፣ ሦስተኛው ክላስ ቢበዛ 28። የልጄ ፔዳል የለውም፣ እግር ማሳረፊያ ብረት ነው ያለው፣ 45 ማይል ድረስ ይሄዳል። እንደዚህ ያለው ሱር ሮን ይሁን ታላሪያ በሕግ ዓይን ሳይክል አይደለም፣ ሞተር ነው፣ ታርጋ የለውም፣ ኢንሹራንስ የለውም፣ የሚነዳው ልጅ መንጃ ፈቃድ የለውም። አንድ ሰው ቢገጭ ምን ሊመጣ ነው? የቤቴን ኢንሹራንስ ደውዬ ጠየቅኩ፣ ከግቢሽ ከወጣ አንሸፍንም አሉኝ።

እናቶች እባካችሁ ከመግዛታችሁ በፊት ፔዳል አለው ወይ ብላችሁ ብቻ እዩ። ፔዳል ከሌለው ሳይክል አይደለም።

ባልቲሞር ላላችሁ ደሞ፣ እዚያ ከተማው ውስጥ በጣም ነው የሚከብደው፣ ያልተመዘገበ ደርት ባይክ መንዳት ብቻ ሳይሆን ነዳጅ ማደያ ለእንደዚህ ዓይነት ሞተር ቤንዚን መቅዳት ራሱ የተከለከለ ነው። ዲሲም ደርት ባይክ አይመዘግብም፣ መንገድም ሆነ ፓርክ ውስጥ መንዳት አይቻልም። ዘመድ ቤት ሊጠይቅ ሄዶ እንኳን ይዞት እንዳይወጣ።

ነጻ_ሰው_ዳላስ

ሁላችሁንም አከብራለሁ ግን እኔ አልስማማም። ሰው በገዛ ገንዘቡ ገዝቶ ታክስ ከፍሎ ልጁ ሜዳ ላይ ሁለት ዙር ቢዞር ምን ይጎዳል? እኛ ጋ ቴክሳስ 16 ዶላር ከፍለህ የፓርክስ ኤንድ ዋይልድላይፍ መሥሪያ ቤትን ስቲከር ትገዛለህ አለቀ። ታርጋውንም በሌላ መንገድ ማውጣት ይቻላል፣ አንድ የማውቀው ልጅ ቨርሞንት በፖስታ ልኮ ነው ያወጣው፣ ሞንታና ካምፓኒ ከፍተው የሚያወጡም አሉ።

ሕግ_ቢሮ_የምሠራው

ወንድም ነጻ ሰው፣ የቨርሞንቱ በ2023 ተዘግቷል፣ ነዋሪ ላልሆነ ሰው እንደ ድሮው በፖስታ አይሰጡም። የሞንታናው ደግሞ አንተ ምትኖርበት ስቴት ውስጥ ታክስና ምዝገባ ሸሽተሃል ተብሎ ሊያስጠይቅህ ይችላል፣ አደጋ ከደረሰ ኢንሹራንሱም ሊከራከርህ ነው። 16 ዶላሩም ቢሆን ለሕዝብ መሬት ነው፣ ሳም ሂውስተን ደን ላይ ለመንዳት እንጂ የዳላስ መንገድ ላይ ለመውጣት አይደለም።

እኔ ጠበቃ አይደለሁም፣ የጠበቃ ቢሮ ውስጥ ነው የምሠራው፣ ስለዚህ እንደ እህት ምክር ውሰዱልኝ። ልቤን የሚያስጨንቀኝ ትኬቱ አይደለም፣ ትኬት ይከፈላል። የሚያስጨንቀኝ መሸሽ ነው። ልጆቹ ፖሊስ ደርት ባይክ አያሳድድም ብለው እርስ በርስ ይነጋገራሉ። ቨርጂኒያ ውስጥ ፖሊስ መብራት አብርቶ ቁም ሲል አለመቆም ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፣ ሲሸሽ ሰው አደጋ ላይ የሚጥል ነገር ካደረገ ደግሞ ፌሎኒ፣ ከባድ ወንጀል፣ ይሆናል። ታርጋ በሌለው ሞተር የተጀመረ ነገር ፌሎኒ ሆኖ ሲያልቅ አስቡት። ገና ዜግነት ያላገኘ ልጅ ከሆነ ደግሞ ግሪን ካርዱንም ሊነካበት ይችላል፣ ዜግነት ሲያመለክትም ሊጠየቅበት ይችላል። እባካችሁ ዛሬ ማታ ራት ላይ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው፣ ቁም ካሉህ ሞተሩን አጥፋ፣ ሁለት እጅህን አሳይ፣ ከዚያ አባትህ ጋ ይደወላል።

የዉድብሪጁ አባት፣ የአንተ ልጅ ቆሟል፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ልጁን አትቆጣው።

ነጻ_ሰው_ዳላስ

እህቴ የፌሎኒውን አላውቅም ነበር። ለወንድሜ ልጅ ዛሬውኑ እነግረዋለሁ። አመሰግናለሁ።

ኤልኤ_ያለው_ልጅ

ጋሼ እኔ ደሞ የደረሰብኝን ልንገርዎት፣ ሌላ ስቴት ይሻላል ስላሉት። እኔ ሎስ አንጀለስ ነኝ፣ ዩዝድ ዋይዚ 250 የሚባል የያማሃ ደርት ባይክ ከአሪዞና ልጅ ገዛሁ፣ የአሪዞና ታርጋ አለው፣ መብራት ተገጥሞለት ስፖኪዮ ተደርጎለት ኢንሹራንስ ገብቶ መንገድ ላይ ሲነዳ የነበረ ሞተር ነው። እኔ ታርጋ ካለው ካሊፎርኒያም ያው ነው ብዬ ጭኜ መጣሁ። ዲኤምቪ ሄጄ ቪኑን፣ የሞተሩን መለያ ቁጥር፣ ሲያዩት ለመንገድ አይመዘገብም አሉኝ። ካሊፎርኒያ የራሷ የጭስ ሕግ ስላላት ከፋብሪካ ለመንገድ ተብሎ ያልተሠራውን ወደ መንገድ አታዛውርም፣ አሪዞና ሕጋዊ የሆነው እዚህ ሲደርስ ሕገወጥ ሆነ። 3 ሳምንት ተመላልሼበታለሁ።

እኛ ጋ ያለው አረንጓዴ ስቲከር ነው፣ ግሪን ስቲከር፣ ለሁለት ዓመት ነው የሚሰጠው፣ እሱን ይዘህ ለሞተር የተከለሉ ፓርኮች ትሄዳለህ፣ እኔ ሃንግሪ ቫሊ ነው የማዘወትረው ጎርማን አጠገብ። ድሮ ቀይ ስቲከርም ነበር፣ ለውድድር ተሠርተው የጭስ ሕጉን ለማያሟሉት የሚሰጥ፣ ለ2022 ሞዴልና ከዚያ በኋላ ለተሠሩት ቀርቷል። ስለዚህ ካሊፎርኒያ ያላችሁ አዲስ የውድድር ሞተር ስትገዙ ሻጩን ግሪን ስቲከር ያገኛል ወይ በሉት፣ ካላገኘ ዝግ የውድድር ሜዳ ላይ ብቻ ነው የምትነዱት። ሻጭ ይሄን ራሱ አይነግራችሁም፣ ስለ ፈረስ ጉልበቱ ነው የሚያወራችሁ።

ቬጋስ_ታክሲ

ከቬጋስ ሰላምታ። ኔቫዳ ምድረ በዳው ሁሉ ክፍት ስለሚመስል ሰው ምንም ሕግ የለም ይላል፣ አለ። ስቲከር በዓመት 20 ዶላር ነው። ኔሊስ ዱንስ እና ጂን ያለው ደረቅ ሐይቅ ጋ እሁድ እሁድ የሐበሻ ልጆች እናያለን አሁን አሁን። ውሃ ብቻ በብዛት ያዙ፣ አራት ጋሎን ለሁለት ሰው በበጋ አይበዛም።

ዩታ ሞአብ ለመሄድ የምታስቡ፣ ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ በሕዝብ መሬት ላይ የሚነዳ ሰው ሁሉ ትልቁም ትንሹም ስለ አነዳዱ የሚያስተምር የኦንላይን ኮርስ መውሰድ አለበት፣ ትልልቆቹ አንዴ ከወሰዱት በቂ ነው። ሰርተፊኬቱን ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት፣ እዚያ ኔትወርክ የለም፣ ፎቶ አንሱት። እኔ ኢሜይሌ ውስጥ አለ ብዬ ስሄድ አልከፈት ብሎኝ ጠባቂው ፊት 20 ደቂቃ ቆሜያለሁ።

ሲያትል_ዝናብ

ዋሺንግተን ስቴት ላይ ኦሮራ ያለው ወንድም ያለው ልክ ነው፣ ደርት ባይኩን ወደ መንገድ ለማስገባት የምትሞላው ፎርም አለ፣ ክላክስ፣ ስፖኪዮ፣ መብራት፣ የዶት ጎማ ሁሉ ተሟልቶ። እኔ አድርጌዋለሁ፣ መብራቱን ራሴ ነው የገጠምኩት፣ ግን ባትሪ የሌለው ሞተር ከሆነ ትልቅ ሥራ ነው። ጫካ ብቻ ለሚነዳ የኦፍ ሮድ ታብ፣ የኛ ስቲከር፣ በቂ ነው፣ ታሁያ የሚባለው ደን ሂዱ፣ ጭቃ የሚወድ ሰው ይደሰታል።

መካኒክ_ዊንቸስተር

የልጁ አባት፣ እኔ ካንተ ሩቅ አይደለሁም፣ ስለ ሌላው ስቴት ሁሉም ተናገረ፣ እስቲ የኛን ልንገርህ።

በመጀመሪያ ወረቀት። ቨርጂኒያ ውስጥ ከ50 ሲሲ በላይ የሆነ ደርት ባይክ፣ ከጁላይ 1 ቀን 2006 ወዲህ አዲስ የተገዛ ከሆነ ታይትል ማውጣት ግዴታ ነው። ታይትል ማለት ታርጋ አይደለም፣ ባለቤትነትህን የሚያሳይ ወረቀት ነው። ሱቁ ካላወጣልህ ዲኤምቪ ሄደህ አውጣ፣ ሞተሩን ከተወሰደበት ለማስለቀቅም የኔ ነው የምትለው በሱ ነው። ቢሰረቅም በሱ ነው፣ እነዚህ ሞተሮች ደግሞ ይሰረቃሉ፣ ቪኑን ጽፈህ ቤትህ አስቀምጥ።

ሁለተኛ ቦታ። ጆርጅ ዋሺንግተን ናሽናል ፎረስት ውስጥ ታስከርስ ጋፕ እና ፒተርስ ሚል ረን የሚባል አለ፣ በአውራ ጎዳና 81 ወርደህ ኤዲንበርግ ጋ ትወጣለህ፣ ካንተ ቤት ሁለት ሰዓት ግድም ቢሆን ነው። ፓስ ትገዛለህ፣ ሄልመት ግዴታ ነው፣ ስፓርክ አሬስተር ግዴታ ነው። መንገዱ ድንጋይ ይበዛዋል፣ ለጀማሪ መጀመሪያ ታስከርስ ጋፕ በኩል ይሻላል። ሞተሩን ግን በፒካፕ ወይም በትሬለር ጭነህ ነው የምትሄደው፣ ከፓርኪንግ ውጪ አስፋልቱ ላይ 100 ሜትርም ቢሆን እንዳይነዳ።

ትልቅ ጉዞ ከፈለጋችሁ ዌስት ቨርጂኒያ ሃትፊልድ ማኮይ ነው፣ በ2000 ነው የተከፈተው፣ አሁን ከ1,000 ማይል በላይ መንገድ አለው። ፈቃዱ ለሞተሩ ሳይሆን ለሰውየው ነው፣ ስለዚህ አባትና ልጅ ሁለት ትገዛላችሁ። ጊልበርትና ማን የሚባሉት ትንንሽ ከተሞች ጋ ከጫካው ወጥተህ እስከ ማደያና እስከ ሆቴሉ በኤቲቪ፣ በባለ አራት እግሩ፣ መድረስ ይፈቀዳል፣ ለደርት ባይክ ግን አስቀድመህ ጠይቅ፣ እንደዚያ ዓይነት ቦታ በዚህ አካባቢ ሌላ አላየሁም። ፔንሲልቬንያ ግን ተጠንቀቅ፣ የስቴቱ ደን ውስጥ ያሉት የኤቲቪ መንገዶች ለባለ አራት እግሩ እንጂ ለደርት ባይክ አይደሉም፣ ሰው ኤቲቪ ሲያይ የኛም ይገባል ብሎ ይቀጣል። እዚያ ሻሞኪን ጋ ያለው ኤኦኤኤ የሚባለው የሞተር መንጃ ፓርክ ግን ደርት ባይክ ያስገባል።

ባለ አራት እግር ለልጆቻችሁ የገዛችሁ ደግሞ ስሙ፣ ቨርጂኒያ ከ12 እስከ 16 ዓመት ላለ ልጅ ከ70 እስከ 90 ሲሲ ብቻ ነው የምትፈቅደው። የልጅ ልጃቸው እንዲነዳው 250 የገዙ አባት ጋራዥ መጥተው ያውቃሉ፣ ሰውነቱ ትልቅ ነው አሉኝ፣ ሕጉ የሚያየው ዕድሜውን ነው።

እናት_ሲልቨር_ስፕሪንግ

መካኒክ ወንድሜ፣ የኔን ኤሌክትሪኩን እዚያ ማስገባት ይቻላል? ዘመዳችን ገጠር ሰፊ መሬት አለው እሱ ጋ ብቻ ነው አሁን የሚነዳው።

መካኒክ_ዊንቸስተር

እህቴ ከመሄድሽ በፊት የደን ቢሮው ጋ ደውለሽ የሞተሩን ሞዴል ነግረሽ ጠይቂ፣ ልጁ ገና 13 ስለሆነ ዕድሜውንም ንገሪያቸው። ለዘመድሽ መሬት ግን ፈቅጃለሁ የሚል ወረቀት በፊርማ አጽፊና ልጁ ኪሱ ይያዘው፣ ሜሪላንድ የሰው መሬት ላይ ለመንዳት የጽሑፍ ፈቃድ ይዞ መገኘት ይፈልጋል። ዘመድ ቢሆንም።

የልጁ_አባት_ዉድብሪጅ

ወገኖቼ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው የምጽፈው። ታይትሉን አውጥቼ ሞተሩን አስለቀቅኩት፣ የቶውና የማቆሚያው ሂሳብ በየቀኑ ሲጨምር ስለነበር ቶሎ መሄዴ ጠቅሞኛል፣ የደረሰባችሁ ሰዎች አታዘግዩ። ስፓርክ አሬስተር አለው ወይ ብዬ በእጅ ባትሪ ማርሚታው ውስጥ አየሁ፣ ወንፊቷ አለች። ከሥራ ባልደረባዬ ፒካፕ ተውሼ ትናንት ኤዲንበርግ ሄድን።

ልጄ አንድ ጊዜ ድንጋይ ላይ ወደቀ፣ ጉልበቱ ላይ መከላከያ አድርጎ ስለነበር ምንም አልሆነም፣ ተነስቶ ሞተሩን ራሱ አቃንቶ ቀጠለ። እኔ ወንበር ዘርግቼ ፓርኪንጉ ላይ ቁጭ ብዬ ስጠብቀው አንድ ጠባቂ መጣና ፓሱን አየ፣ መልካም ቀን ብሎ ሄደ። ያቺን መልካም ቀን ስሰማ ደረቴ ላይ የነበረው ሁሉ ወረደ።

አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ፒካፑን ሁልጊዜ መዋስ ከበደኝ፣ ትንሽ ትሬለር ብገዛ የኔ ሴዳን መኪና ይጎትተዋል? ሞተሩ 200 ፓውንድ አይሞላም።

መካኒክ_ዊንቸስተር

የመኪናህን ሞዴልና ዓመት ላክልኝ፣ ማንዋሉ ላይ ስንት ፓውንድ መጎተት እንደሚችል ተጽፏል፣ የማይችልም አለ። ትሬለሩም ታርጋ እንደሚያስፈልገው አትርሳ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እኔ ከነልጄ እወጣለሁ፣ ፒካፔ ሁለት ሞተር ይይዛል፣ አንድ ቦታ አለ።

የልጁ_አባት_ዉድብሪጅ

እንመጣለን። እንጀራውንና ቡናውን እኔ እይዛለሁ።